ከጀርባ ስድስት እርምጃ

ጋሽ ይርጋ መሞቱን የነገረኝ ልጁ ግርማ ነው። ከአርባ ምንጭ ካኮ ድረስ መጥቶ፣ የማስተምርበት ክፍል በር ላይ ቆሞ ደወል እስኪደወል ጠበቀኝና "አባባ አረፈ" አለኝ። ኩላሊቱን ታሞ ሦስት ሳምንት ከተኛ በኋላ ነው አለ። "እግዚአብሔር ያጽናችሁ" አልኩት እንደ ወጉ። እንባ ግን አልመጣልኝም። ግርማ ደንግጣ ነው ብሎ ሳይገምት አልቀረም፤ ሐዘንተኛው እሱ ሆኖ ሳለ እኔን ያጽናናኝ ጀመር።

በሕይወት ሳለ አንቱ ነበር የምለው። አሁን ግን አንቱታው ከአፌ አልወጣ ብሎኛል። በሞተ ሰው ላይ እንዲህ መናገር ነውር መሆኑ ጠፍቶኝ አይደለም። ሆኖም ይህን ሰው የማልረሳው ሙያ ስላስተማረኝ ብቻ አይደለም፤ በዚያው ባስተማረኝ ሙያ ስለከዳኝም ነው። አንዱን ነግሬ ሌላውን ብተወው እኔም እንደ እሱ መሆኔ ነው።

የተገናኘነው ጂንካ ነው፣ መሠረተ ትምህርት በተጧጧፈበት ዘመን። ለትምህርት የሚሆኑ ንግግሮች የሚቀዱባት፣ ግድግዳዋ በብርድ ልብስ የተሸፈነ አንዲት ክፍል ነበረችን። እሱ ባለሙያ፣ እኔ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ የተቀጠርኩ ረዳት። የተቀጠርኩትም ለሙያዬ አልነበረም። ከእናቴ አሪኛ፣ አባቴ ወይጦ መንገድ ዳር ማር ሲነግድ አብሬው ስላደግሁ ደግሞ ፀማይኛ ስለምናገር ነው። ማይክራፎን ማለት ለእኔ ሰው አፉን የሚያስጠጋበት ብረት ነበር።

"ብረት?" አለኝ በመጀመሪያው ቀን፣ እናቱን የሰደብኩበት ያህል። "ማይክራፎን ጠባይ አለው። ጠባዩን ሳታውቂ ፊቱ ሰው እንዳታስቀምጪ።"

ጠባዩን የሚያውቀው እንዲህ ነበር። ሥሩ በምስማር የተበሳ ትልቅ ጣሳ ማሽላ ይሞላና ያንጠለጥለዋል። ከበታቹ የቆርቆሮ ትሪ ይደፋል። የቀዳዳውን ውታፍ ሲነቅለው ማሽላው ሳያቋርጥ፣ እኩል እየወረደ ትሪውን ይመታል። ያን ድምፅ ማይክራፎኑ ምን ያህል እንደሰማው በቴፑ ላይ ያለችው መርፌ ትናገራለች። መጀመሪያ ከአንድ ክንድ፣ ቀጥሎ ከሁለት፣ ከሦስት ይለካል። ከዚያ ማይክራፎኑን ወደ ጎን ያዞረዋል፤ በመጨረሻም ጀርባውን ያሰጠዋል። መርፌዋ የቆመችበትን ሁሉ በአንድ ጥቁር ደብተር ይጽፋል። ማሽላው ደግሞ ከአርቦሬ የመጣ ካልሆነ አይነካውም፤ የዚያ አገር ማሽላ ፍሬው እኩል ነው ባይ ነበር።

"ለምን ሰው እያናገሩ አይለኩም?" ብዬ ጠየቅሁት።

"ሰው ይደክመዋል። ይናደዳል። ሚስቱ የሰደበችው ቀን ድምፁ ይቀንሳል። ማሽላ ሚስት የለውም" አለኝ።

የሩቁን የሚለካው ግቢ ውስጥ ነበር፤ ክፍሏ ውስጥ ድምፅ ግድግዳ እየነካ ይመለሳል። እዚያ ታዲያ መከራችን ዶሮዎች ነበሩ። የጎረቤት ዶሮዎች የማሽላውን ድምፅ ለይተው ስለሚያውቁት፣ ውታፉ ሲነቀል አጥሩን ሾልከው ግር ብለው ይመጣሉ። ጋሽ ይርጋ በቀኝ እጁ እየጻፈ በግራው "እሽ! እሽ!" ይላል፤ መርፌዋ የራሱን እሽታ ስትይዝበት ደግሞ ልኬቱን ሰርዞ ከሀ ይጀምራል። አንድ ከሰዓት በኋላ ሰባት ጊዜ ሲሰርዝ አይቻለሁ። እኔ በሳቅ ልሞት፣ እሱ ግን ፊቱ አይፈታም። የትንፋሽ ፈተና ሲመጣ ግን እሱም ይስቃል። ማይክራፎን ፊት "ጳ" እና "ፓ" ሲባል ትንፋሽ እንዳይመታው ማየት ስለሚፈልግ፣ ፕሮቴስታንት መሆኔን እያወቀ "አንቺ ጴንጤ፣ እስቲ ጳጳስ በይ!" ይለኛል። እኔም ሆን ብዬ "ፓፓያ" እለዋለሁ።

ካሉን ማይክራፎኖች ሁለቱ ግራጫዎች፣ ከሩቅ ሲያዩዋቸው መንታ ነበሩ። ስም ያወጣላቸው እሱ ነው። አንዱ ከፊትም ከጀርባም የመጣለትን ሁሉ ይሰማልና "ሆደ ሰፊው" ይባላል። ሌላው ፊቱ ያለውን ብቻ ነው የሚሰማው፤ ጀርባውን ከሰጠ አጠገቡ ቢጮኹም ጆሮ ዳባ ልበስ ይላል፤ እሱ "አኩራፊው" ነው። መለያቸው አንገታቸው ሥር ነው። አኩራፊው ጭንቅላቱ ካለቀበት ዝቅ ብሎ ዙሪያውን ቀጫጭን ስንጥቆች አሉት፤ ሆደ ሰፊው ግን ልሙጥ ነው። ይህን ጂንካ ውስጥ የሚያውቅ ሁለት ሰው ነበር፣ እሱና እኔ።

ከአፉ የማይጠፉ ሁለት ትእዛዞች ነበሩት። አንደኛው "መርፌዋ ያላሳየችሽን አትጻፊ" ነው። አንድ ጊዜ ሰልችቶኝ የሦስት ክንዱን ልኬት በግምት ሞላሁ። አየና ገጹን በሙሉ ሰርዞ ጣሳውን ሞላ። እስከ ማታ ድረስ አብረን ለካን። ቁጥሩ መጨረሻ ላይ ያው እኔ የገመትኩት ሆነ። "ታዲያ ምን አጠፋሁ?" ስለው "አሁን ነው እውነት የሆነው" አለኝ። ሁለተኛው ትእዛዝ "በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ" የሚል ነበር። ሁለት ሰው ተደራርቦ ከተናገረ ቴፑ የማንንም አይይዝም ይላል።

ሰው አይፈራም ብዬም አምን ነበር። ወደ ቀረፃ ክፍሏ የሚገባ ሁሉ ጫማውን አውልቆ፣ ኪሱ ውስጥ የሚንኳኳ ካለ ቁልፍም ይሁን ሳንቲም መስኮቱ ላይ አራግፎ ነው የሚገባው። አንድ ቀን ኃላፊው መጣ። ስሙን አልጠራውም፤ በዚያ ዘመን ጂንካ ላይ ኃላፊው ከተባለ ሁሉም ማን እንደሆነ ያውቃል። ቦቲ ጫማው ሲረግጥ ይጮኻል። አጃቢዎቹን አስከትሎ ሲገባ ጋሽ ይርጋ በሩ ላይ ቆሞ "ጓድ፣ ጫማዎ ይጮኻል" አለው። ኃላፊው አየውና ቁጭ ብሎ ጫማውን ፈታ። አንደኛው ካልሲው ተረከዙ ላይ ቀዳዳ ነበረው። ያን ቀን በጋሽ ይርጋ የኮራሁትን ኩራት በአባቴም ኮርቼ አላውቅም።

ከዚያ የወይጦው ነገር መጣ። ወይጦ አጠገብ የጥጥ እርሻ ይጀመራል ተባለና ኃላፊው የአካባቢውን ሽማግሌዎች ለማወያየት ወረደ። ስብሰባውን እንድቀዳ እኔ ተላክሁ። ጋሽ ይርጋ "ሜዳ ላይ ነው፣ ማን ከየት እንደሚናገር አይታወቅም" ብሎ ሆደ ሰፊውን በእጄ ሰጠኝ።

ግራር ሥር ተቀመጡ። የሽማግሌዎቹን ቃል ከሚናገሩት አጠገብ ኦይታ የሚባል ጎልማሳ ነበር። በዚያ መንደር ልማድ ትልቅ ነገር ሲነገር አንድ ሰው እየተከተለ፣ ቃል በቃል፣ ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ሲደገም ነው ሁሉም ሰምቷል የሚባለው፤ በኋላ ጠብ ቢነሳ የሚጠራውም ደጋሚው ነው። ይህን እኔ በልጅነቴ አይቼ አድጌያለሁ፣ አላውቅም ልል አልችልም። ነገር ግን የጆሮ ማዳመጫውን ሳደርግ የኦይታ ድምፅ በተናጋሪው ላይ እየተደረበ መርፌዋን ያዘልላት ጀመር። በአንድ ጊዜ አንድ ድምፅ። ስብሰባውን አስቁሜ በፀማይኛ "ኦይታ፣ ዛሬ ዝም በል፤ ሳጥኑ ይደግመዋል" አልኩት። ሽማግሌዎቹ ተያዩ። ትንሽ የቀዳሁትን መልሼ አሰማኋቸው። ድምፃቸው ከሳጥኑ ሲወጣ ሳቁ፣ ተገረሙ፣ እሺም አሉ።

ስብሰባው ካለቀ በኋላ ኃላፊው ከማይክራፎኑ ጀርባ፣ መኪናው በር ላይ ቆሞ ሊሳፈር ሲል አንድ ሽማግሌ ስለ ከብቶቹ ውኃ መውረጃ ጠየቁት። እኔ ተረጎምኩ። ኃላፊው ዞር ብሎ "ከትልቁ ዋርካ ወዲህ ማረሻ አያልፍም። መውረጃችሁን ማንም አይነካባችሁም፣ ይህን የምለው እኔ ነኝ" አለ። ይህንንም ተረጎምኩላቸው፤ ቴፑ እየዞረ ነበር። ኦይታ ሊደግመው አፉን ሲከፍት ጣቴን ከንፈሬ ላይ አድርጌ ከለከልኩት። ከማይክራፎኑ እስከ መኪናው በር ስድስት እርምጃ ነበር፤ በኋላ ሄጄ በእርምጃ ለክቼዋለሁ።

ዝናቡ ሲያቆም ትራክተሩ ዋርካውን አለፈ። አጥር ታጠረ። ከብቶቹ ውኃ ለመጠጣት ግማሽ ቀን መዞር ግድ ሆነባቸው፤ ጥጆች በመንገድ ቀሩ። ሽማግሌዎቹ ኦይታን ይዘው ጂንካ መጡ፤ ሌላ ምንም አላሉም፣ "ሳጥኑ ይምጣ" ነው ያሉት። እኔም በኩራት ቴፑን ይዤ ኃላፊው ቢሮ ገባሁ። ቃሉ ጥርት ብሎ ተሰማ። ኃላፊው ግን ዓይኑን በጨው አጥቦ "ይህ የእኔ ቃል አይደለም። ልጅቷ ከሌላ ቦታ ቆርጣ የቀጠለችው ነው። ማይክራፎኑ ወደ ሽማግሌዎቹ ዞሮ እኔ ከጀርባው መኪና ዘንድ ነበርኩ፤ እንዴት ብሎ ይሰማኛል?" አለ። ጉዳዩን እንዲያጣሩ ሦስት ሰዎች ተሰየሙ። ባለሙያው ይፈትነው ተባለ።

ባለሙያው ይፈትነው! ደስታዬ ወሰን አልነበረውም። ለሽማግሌዎቹ በፀማይኛ "አይዟችሁ፣ ይህ ሰው የሹም ጫማ ያስወለቀ ነው" አልኳቸው።

በማግሥቱ ጠዋት ግቢው በሰው ሞላ። ጋሽ ይርጋ ማይክራፎኑን በጨርቅ ጠቅልሎ ይዞ ወጣና እንጨቱ ላይ ሰካው። ጣሳውን ሰቀለ። ማሽላው ሲወርድ ዶሮዎቹ መጡ፣ ሰው ሳቀ፣ እሱ ግን ለመጀመሪያ ጊዜ እሽ አላላቸውም። ማይክራፎኑን ጀርባውን አሰጠው። መርፌዋ ወደቀች። አንድ ጸሐፊ ስድስት እርምጃ ርቆ ከጀርባ ጋዜጣ አነበበ። ቴፑ ተመልሶ ሲሰማ ጭው ከሚል ድምፅ በቀር የሚለይ ቃል አልነበረም።

ቀርቤ አየሁ። አንገቱ ሥር ስንጥቆቹ አሉ። አኩራፊው ነው።

መጀመሪያ የተሳሳተ መሰለኝ፤ እግዚአብሔር ያውቃል፣ አዘንኩለት። "ጋሽ ይርጋ፣ ተቀያይሮብዎታል እኮ፤ ወይጦ የሄደው ይህ አይደለም፣ ሆደ ሰፊው ነው" አልኩት። ፊት ለፊቱ ነበርኩ፣ ሁለት ክንድ ብንራራቅ ነው። እሱ ወደ ሦስቱ ሰዎች ዞረና በረጋ ድምፅ "ልጅቷ ገና ናት። ሁለቱ ይመሳሰላሉ፣ መለየት አልቻለችም" አለ።

ስንጥቆቹን በጣቴ አሳየሁ፣ ሌላው ይምጣ ብዬ ጮኽኩ። ከሦስቱ አንዱ "እህት፣ ባለሙያው ተናግሯል" አለኝ። ወረቀቱ ተጻፈ፣ ጋሽ ይርጋ ፈረመ። ማይክራፎኑ ከጀርባ አይሰማም፤ ስለዚህ በቴፑ ላይ ያለው ቃል የተቀጠለ ነው። ኦይታ ከአጥሩ አጠገብ ቆሞ አንዴ እኔን አንዴ ሳጥኑን ያይ ነበር።

ሰው ከሄደ በኋላ ጋሽ ይርጋ ዶሮዎቹ ያስተረፉትን ማሽላ አጎንብሶ ይለቅም ነበር። "ለምን?" አልኩት። ቀና ሳይል "ልጄ፣ ወደ ቤትሽ ሂጂ" አለኝ። ሦስት ዓመት አብረን ስንሠራ "አንቺ ልጅ" እንጂ "ልጄ" ብሎኝ አያውቅም። ያን ቃል ለዚያ ቀን ማስቀመጡ እስከ ዛሬ አንጀቴን ያሳርረዋል።

ምክንያቱን በሳምንቱ አወቅሁት። የብሔራዊ ውትድርና ዘማቾች ዝርዝር የቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፎ ነበር። አራተኛው ስም ግርማ ይርጋ ነው። በላዩ ላይ በቀይ ተሰርዟል፣ ከጎኑም የኃላፊው ፊርማ አለ። ከላይና ከታች ያሉት ልጆች ተጭነው ሄዱ። ጋሽ ይርጋም ቤተሰቡን ይዞ ወደ አርባ ምንጭ ተዛወረ። ሳይሰናበተኝ ሄደ። እኔ ቴፕ ቆርጣ ትቀጥላለች ተብዬ "ቀጣይዋ" የሚል ስም ወጥቶልኝ ካኮ አስተማሪ ሆኜ ተላክሁ።

ልጅ የለኝም፤ ቢኖረኝ ምን አደርግ እንደነበር አላውቅም። ይህን ለራሴ ብዙ ጊዜ ብያለሁ። ንዴቴን ግን አላበረደውም። ጠርቶ "ማርታ፣ ልጄን ሊወስዱብኝ ነው" ቢለኝ ኖሮ አብሬው አለቅስ ነበር። እሱ ግን ከልጁ ጋር የለወጠው የእኔን ስም ብቻ አይደለም፣ የሰው ከብት ውኃ ነው።

ኦይታ ካኮ ገበያ ላይ አገኘኝ። በፀማይኛ ሰላም ስለው በተሰባበረ አማርኛ መለሰልኝ፤ ከፈተናው ቀን በኋላ በቋንቋው አናግሮኝ አያውቅም።

"ሳጥን አልሰማም አለ" አለኝ። "አንቺ ሰማሽ?"

"ሰምቻለሁ።"

"እኔም ሰምቷል። ሁለት ሰው ሰምቷል። ታዲያ ለምን ዝም በል አልሽኝ?"

ቢደግመው ኖሮ ያ ሁሉ ሰው፣ አጃቢዎቹ ሳይቀሩ፣ ሁለት ጊዜ ሰምተውት ነበር። ያን ያህል ጆሮ በአንድ ማይክራፎን የለወጥኩት እኔ ነኝ፤ ማይክራፎኑን ያመንኩት ደግሞ ጋሽ ይርጋን ስላመንኩ ነው።

እንግዲህ ግርማ ካኮ የመጣው ለመርዶ ብቻ አልነበረም። ከቦርሳው ጥቁሩን ደብተር አወጣ። አባቱ ሊሞት ሲል "ለማርታ ስጣት" ብሎት ነበር። ከዚህ በቀር ምንም አላለውም። "እኔ አገላብጬው አልገባኝም፣ ቁጥር ብቻ ነው" አለኝ። ሃያ አምስት ዓመት ቢሆነው ነው፣ የሒሳብ አስተማሪ ነው፣ በቅርቡ አግብቷል። ከእሱ በላይና በታች ስማቸው የተጻፈው ልጆች አልተመለሱም።

የፈተናውን ቀን ገጽ ፈለግሁ፤ ባዶ ነው። የዋዜማው ገጽ ግን ሙሉ ነበር። ከሰዓት በኋላ የግቢውን በር ዘግቶ የቆየበት ቀን ነው፤ ለነገው እየተዘጋጀልኝ መስሎኝ ሻይ በበሩ ሥር አስቀምጬለት የሄድኩበት ቀን። የእጁ ጽሕፈት እንደ ወትሮው ቀጥ ያለ ነው፦

"ሆደ ሰፊው። ከጀርባ፣ ስድስት እርምጃ። ይሰማል። ቃሉ ይለያል።"

ከበታቹ ቁጥር የሌለበት አንድ መስመር አለ፦

"ልጅቷ ትለያለች።"

ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል የምትል አንዲት ትንሽ ጥግ በሆዴ ውስጥ ነበረች። አሁን እሷንም ወሰዳት። መርፌዋ ያሳየችውን ጽፏል፤ ደብተሩ ላይ መዋሸት አቅቶታል። እኔ ላይ ግን አላቃተውም።

ግርማ በትከሻዬ ላይ አጎንብሶ አነበበ። "ልጅቷ የሚላት ማን ናት?"

"እኔ ነኝ።"

"ምኑን ነው የምትለዪው?"

ቀና ብዬ አየሁት። ሲያዳምጥ እንደ አባቱ አንድ ዓይኑን ያጠባል። ሁሉንም ልነግረው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። አንተ በሕይወት የቆምከው ጥጆቹ በቀሩበት ዋጋ ነው፣ ልለው። እሱ ግን ያኔ የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ስሙን ማን እንደሰረዘለት እንኳ አልጠየቀም።

"ማይክራፎን" አልኩት። "አባትህ ያስተማረኝን።"

ፊቱ በራ። "ይወድሽ ነበር ማለት ነው" አለና ተሰናብቶኝ ወደ መኪናው ወጣ። ዝም ያልኩት አባቱን ይቅር ብዬ አይደለም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ነው።

ነገ ደብተሩን ይዤ ወደ ወይጦ እወርዳለሁ። ኦይታን ፈልጌ፣ በሰው ፊት፣ በፀማይኛ አነብለታለሁ፤ እሱም ጮክ ብሎ ይደግመዋል። ይህ አጥሩን እንደማያፈርሰው አውቃለሁ። ከመውረዴ በፊት ግን የፈተናው ቀን ገጽ ባዶ እንዲቀር አልፈለግሁም። ብዕር አነሳሁና እሱ እንዳስተማረኝ፣ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ አቅጣጫና ርቀት፣ በመጨረሻ ያየሁትን ብቻ ጻፍኩ፦

"ማርታ። ከፊት፣ ሁለት ክንድ። አልተሰማችም።"